ባልና ሚስት ያጣላው የዶሮ ትል፦ ኮሶ ወይስ ክኒን?

በዚህ ገጽ ስለ ፍቅር ብለናል፣ ስለ ቅናት ብለናል፣ ስለ አማትና ምራት ጦርነት እስኪሰለቻችሁ ድረስ ብለናል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ትል ነው። አዎ፣ ስለ ትል! እሱም የሰው ሳይሆን የዶሮ ትል። «ምነው፣ ወሬ አለቀባችሁ እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። በዚሁ ትል የተነሣ ልብሷን በሻንጣ ከትታ እናቷ ቤት የገባች የሦስት ወር ነፍሰ ጡር አለች። እኔም ሽማግሌ ተብዬ ተጠርቻለሁ።

መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ዶሮ ማርባት የባልቴት ሥራ መሆኑ ከቀረ ቆየ። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» ከተጀመረ ወዲህማ ዲግሪ ያለውም የሌለውም፣ ቢሮ የሚገባውም ቤት የሚውለውም፣ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ አቁሞ የ45 ቀን ጫጩት መግዛት ጀምሯል። ሲገዛ ታዲያ «ፈንግል ተከትበዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሞልቷል። ስለ ትል የሚጠይቅ ግን አላየሁም።

ጫጩቶቹ ያድጋሉ፣ ቄብ ይሆናሉ፣ እንቁላል ይጀምራሉ። ባለቤቱም ፎቶ እያነሣ ለጓደኛ ይልካል። ወራት ሲቆጠሩ አንድ ጠዋት እንቁላሉ ይቀንሳል። ሁለት ዶሮዎች ላባቸውን አንጨፍርረው ጥግ ይዘው ያንጎላጃሉ። መኖውን እንደ ጉድ ይበላሉ፤ ሲይዟቸው ግን ደረታቸው አጥንት ብቻ ነው። ያኔ ሰፈሩ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ ውኃቸው ውስጥ ጨምር፣ ኬሚካል አታስበላቸው!» ይላል። ሌላው «ፋራ አትሁን! አንድ ክኒን ፈጭተህ ስጥና በአንድ ቀን ጥርግ ያደርግልሃል!» ይላል። ቴሌግራም ላይ የሚሰዳደቡትንማ ተዉት።

የኔዎቹ ባልና ሚስት ሁለቱን ወገን በአንድ ጣራ ሥር ይዘው ነበር።

ባልየው አብሮ አደጌ ነው። ሚስቱ ፀጉር ቤት አላት። ስማችን እንዳይወጣ ብለው አስምለውኛል፤ ስለዚህ «ባል» እና «ሚስት» እያልኩ እቀጥላለሁ። ከእቁብ በወጣላቸው ገንዘብ 30 ቦቫንስ ብራውን ቄቦች ገዙ። በደጉ ጊዜ በቀን 25፣ 26 እንቁላል ይለቅሙ ነበር፤ ከቤት ኪራዩ ውስጥ ጥሩ ድርሻ ይሸፍንላቸዋል። እሷ ማርገዟ ሲታወቅም ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ «እንቁላል ብይ» ስላለቻት በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ቀቅላ ትበላለች። የራሷ ዶሮ እንቁላል፣ ምን ጎደላት?

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፣ ጣራው አንድ ጥግ ላይ ማፍሰስ ጀመረ፣ ጉዝጓዙም ረጥቦ ጭቃ መሰለ። በወሩ መጨረሻ እንቁላሉ 13 ደረሰ። አንድ ጠዋት ሚስት ኩሱን ስትጠርግ ነጭ፣ ረዘም ያለ፣ የተቀቀለ ፓስታ የመሰለ ነገር አየች። ያውም ይንቀሳቀሳል። ጩኸቷን ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

ምን አለፋችሁ፣ እሷ ለእናቷ ደወለች፣ እሱ ቴሌግራም ከፈተ።

እናት በማግስቱ ከመርካቶ ኮሶና እንቆቆ ቋጥረው ከች አሉ። ባል ደግሞ በዚያው ሌሊት፣ ለማንም ሳይናገር፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የገዛውን ትልቅ የአልቤንዳዞል ክኒን በሙቀጫ ወቅጦ የዶሮዎቹ መጠጫ ውስጥ ጨምሯል። «አማቴን ከማስቀይም ዝም ብዬ ልገላገለው ብዬ ነው» አለኝ ኋላ ላይ። ክኒኑ ባለ 2,500 ሚሊ ግራም ነው፤ ለከብት የተሠራ። በሦስተኛው ቀን ሚስት ቆሻሻ ስትደፋ ባዶ ማሸጊያውን አገኘችው። ስልኳን አውጥታ «አልቤንዳዞል እና እርግዝና» ብላ ፈለገች። ያነበበችውን ካነበበች በኋላ ምንም አልተናገረችም። ሻንጣዋን አወረደች።

ያነበበችው ሐሰት አይደለም። አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዳይወሰድ የሚመከር መድኃኒት ነው፤ በቤተ ሙከራ እንስሳት ፅንስ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ታይቷል። እሷ ደግሞ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስድስት እንቁላል በልታለች።

እንግዲህ ሽማግሌው የገባሁት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት እናት ዘንድ ነው። ቡና አፍልተው፣ ልጃቸውን ጓዳ አስተኝተው፣ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ አባቷን በየሁለት ወሩ ኮሶ እያጠጣሁ ነው ያኖርኩት። ጥሬ ሥጋ ወዳጅ ነበር። አንድ ቀን ሐኪም ቤት አልሄደም። ይኼ ልጅ ግን ለዶሮ ሲል ልጄን መርዝ ያበላታል?»

«እማማ፣ ኮሶውን ለዶሮዎቹ ስንት ስንት ሊሰጧቸው ነበር?» አልኳቸው።

«ትንሽ ትንሽ ነዋ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለእርጉዝ ሴት ኮሶ ይሰጣል?»

«እግዚኦ! ምን ቆርጧት! ያስወርዳታል እንጂ!»

«ታዲያ ኮሶ የጠጣች ዶሮ የጣለችውን እንቁላል ልጅዎ ልትበላው አልነበረም?»

እማማ ስኒውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ጓዳ ያለችውም ሰምታለች መሰለኝ፣ የአልጋው ሽቦ ሲንቃጨል ተሰማኝ።

በነገራችን ላይ እማማን ለመርታት ብዬ አይደለም። ኮሶ ተራ ቅጠል እንዳይመስላችሁ። የሴቷ ዛፍ ቀይ አበባ የሰውን የኮሶ ትል የመጣል አቅም አለው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ተጭኖ በሐኪሞቻቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቶ ነበር። ትሉንም «የኮሶ ትል» ያልነው በመድኃኒቱ ስም ነው፤ በሽታን በመድኃኒቱ መጥራት መቼም የኛ ነገር ነው። መተሬም እንዲሁ የዋዛ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የፍሬውን ጭማቂ ወደ ክኒን ለመለወጥ ሠርተውበታል። ችግሩ ኃይል ማነሱ ሳይሆን ልኩ አለመታወቁ ነው። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ የሰውን ዓይን እስከማጥፋትና እስከመግደል ይደርሳል። አበባው በተለቀመበት ወቅትና በቆየበት ጊዜ ጉልበቱ ይለያያል። የስድሳ ኪሎ ሰው በልምድ ሲጠጣው እንዲህ ከሆነ፣ የአንድ ኪሎ ተኩል ዶሮ ልኳ ስንት ነው? በማንኪያ? በቁንጥር?

ባልም ከዚህ የተሻለ ሂሳብ አልሠራም። ያ ባለ 2,500 ክኒን ለአንዲት 250፣ 300 ኪሎ ለምትመዝን ላም የታሰበ ነው። ደግሞ አልቤንዳዞል ውኃ ውስጥ አይሟሟም። እንደ ኖራ ይዘቅጣል። የላይ የላዩን የጠጡት ዶሮዎች ውኃ ነው የጠጡት፤ መጨረሻ ላይ ከሥር የቀረውን አተላ የጫረችው ደግሞ የበርካታ ዶሮዎችን ድርሻ ብቻዋን ወስዳለች። መጠጫውን ራሴ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ነጩ ዝቃጭ ከሥሩ ተጋግሮ ነበር።

እናላችሁ፣ ባልን አስከትዬ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድኩ። በፌስታል ኩስ፣ በካርቶን ደግሞ ከሁሉም የከሳችውን ዶሮ ይዘናል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ዶሮዋም ትከፍላለች!» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብን። ኩሱን ቢያውቅ ኖሮ ያስወርደን ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቢሾፍቱ የተማረ። ባል «የትል መድኃኒት ፈልገን ነው» ሲለው «የትኛው ትል?» አለ። ሁለታችንም ተያየን። ትል ትል ነው እንጂ የትኛው ይባላል እንዴ?

ይባላል ለካስ! ኩሱን በጨው በጠገበ ውኃ በጥብጦ፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን በማይክሮስኮፕ አሳየን። ሞላላ ሞላላ ነገሮች ሞልተውበታል፤ የትል እንቁላል። ከዚያ ባልን አስፈቅዶ የከሳችውን ዶሮ አረዳትና አንጀቷን ከዳር እስከ ዳር በመቀስ ተረተረው። ዶሮ በልታችሁ የምታውቁ ሴቶች (በወንዶቹ ተስፋ ቆርጫለሁ) አንጀቱን ሳትከፍቱ ስለምትጥሉት ይህን አላያችሁም ይሆናል። ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ከ5 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱ ነጫጭ ትሎች ተጠላልፈው ተኝተዋል። ይኼ የዶሮ ወስፋት ነው፤ በሳይንስ ስሙ አስካሪዲያ ጋሊ። ሚስት ያየችው እሱን ነው። ዕውር አንጀት በሚባሉት ሁለት ከረጢቶች ውስጥ ደግሞ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጡ ቀጫጭን ትሎች አሉ፤ ሄተራኪስ ይባላሉ። ሐኪሙ አንጀቱን ውኃ ውስጥ ሲነክረው ግን ሦስተኛ ጉድ ወጣ፤ ጠፍጣፋ፣ የተቀጣጠለ፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ። የዶሮ የኮሶ ትል! ከኩሱ ጋር የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ቁርጥራጮቹ ይወጣሉ፤ በማይክሮስኮፑ ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

«ይህ ከሰው ይጋባል?» አልኩት፤ እናንተም የምትጠይቁት ይኼንኑ ስለሆነ። አይጋባም። የዶሮ ወስፋት የዶሮ ነው፤ የሰው ወስፋት ሌላ ዘር ነው። አልፎ አልፎ፣ ከስንት አንድ ጊዜ፣ ትሉ ከአንጀት ወጥቶ በእንቁላል መውጫው ሽቅብ ይጓዝና አስኳል አጠገብ ተዘግቶበት ይገኛል። ያጋጠመው ሰው እንቁላል እስከ ወዲያኛው ይጠላ ይሆናል እንጂ ትሉ አይዘውም።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የተናገረው ነው ሁለቱንም ወገን ዝም የሚያሰኘው። ፒፐራዚን ውኃ ውስጥ በደንብ ይሟሟል፣ ለዶሮዋም የዋህ ነው፤ ትሉን ሽባ አድርጎ ከነነፍሱ ከኩስ ጋር ያስወጣዋል። የሚሠራው ግን በትልቁ ወስፋት ላይ ብቻ ነው። ጠዋት ጉዝጓዙ ላይ ትል ተዘርግቶ ያየ ሰው «ጸዱ!» ብሎ ይደሰታል፤ የኮሶ ትሉ ግን እዚያው አንጀት ላይ ተለጥፎ ይስቅበታል። ሌቫሚሶልም ይሟሟል፣ ከወስፋቱ ሌላ ሄተራኪስንም ይነካል፤ የኮሶ ትልን ግን አይነካም። አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል ብዙ ዓይነት ትል ይይዛሉ፤ ትሉ ምግቡን እንዳይጠቀም አድርገው በረኃብ ነው የሚገድሉት፣ ስለዚህ ቀናት ይወስዳል። ለኮሶ ትል የሚውሉት ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ናቸው። አይቨርሜክቲን ደግሞ ፈልሳፊዎቹን እ.ኤ.አ. በ2015 ለኖቤል ሽልማት ያበቃ ትልቅ መድኃኒት ቢሆንም የኮሶ ትልን አይሞክረውም፤ ስብ ወዳጅ ስለሆነም እየተከማቸ ወደ አስኳል ይገባል። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ በመርፌ ውጉ የሚሏችሁን የሰፈር ሐኪሞች ራቋቸው።

ፌንቤንዳዞልን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ለእንቁላል ጣዮች ተብሎ በውኃ እንዲሰጥ የተዘጋጀ ዓይነት አለ፤ በተጻፈው መጠን ከተሰጠ እንቁላሉን መጣል አያስፈልግም። ይህን ሰምታችሁ ታዲያ ለበግ የተሠራውን ገዝታችሁ «ያው ነው» እንዳትሉ። ያው አይደለም። ጣራ ላይ እርግብ የምታረቡ ጎረምሶችም ስሙኝ፦ ፌንቤንዳዞል እርግብን ይመርዛል።

ደግሞ ኩሱ ውስጥ ደም ካያችሁ፣ በተለይ በጫጩቶች፣ የትል መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ። ያ ብዙ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ ትል አይደለም፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ሰው አልቤንዳዞል ሲበጠብጥ ስንቱ ጫጩት ያልቃል!

«እሺ ተፈጥሯዊውስ?» አልኩት ሐኪሙን፤ የእማማን ኮሶ በልቤ ይዤ። ሐኪሙ አልሳቀም፤ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። የፓፓያ ወተት በዶሮ ወስፋት ላይ ተሞክሮ ትሉን የመቀነስ ውጤት ታይቶበታል። የዱባ ፍሬ ውስጥ ትልን የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር አለ። ዳያቶማይት የሚባል፣ ከጥንት ሐይቆች ሥር የሚቆፈር ነጭ ዱቄት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የካናዳ ጥናት ከመኖ ጋር ሁለት በመቶ እየተቀላቀለ ለሁለት ዓይነት ዶሮዎች ተሰጠ። የቦቫንስ ዶሮዎች ላይ የትል እንቁላል ቀነሰ፤ ሎማን ዶሮዎች ላይ ግን ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ ተመሳሳይ ዱቄት፣ ተመሳሳይ ግቢ! «ቅነሳ ነው የምናየው፣ መንጻት አይደለም» አለ ሐኪሙ። ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን አይከለከልም፤ አንጀቷ በትል የታጨቀ ዶሮ ግን በሽንኩርት ውኃ ትድናለች ማለት ዘበት ነው።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። ትሉም እኮ ተፈጥሯዊ ነው! የአውሮፓ ኅብረት ዶሮን ባዶ የሽቦ ቀፎ ውስጥ አጉሮ ማርባትን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከለከለ። ዶሮዎቹ መሬት ወርደው እንደ ዶሮ መጫር ቻሉ። ከእነሱ ጋር ወስፋቱም ተመልሶ መጣ፤ ምክንያቱም ትሉ የሚኖረው ከኩስ ወደ አፍ በሚደረግ አጭር ጉዞ ነው። ኬሚካሉ ወገንም ቢሆን ብዙ አይኩራ። አሜሪካ ውስጥ ፌንቤንዳዞልን የለመደና የማይሞት የቱርክ ዶሮ ወስፋት እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘግቧል። በየወሩ በግምት ስንረጭ እኛም እንዲህ ያለውን ትል ጓሯችን ውስጥ እያሠለጠንን ነው።

ወደ ባል ዶሮዎች እንመለስ። የወስፋቱ እንቁላል ከኩስ ጋር ወድቆ፣ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ለመያዝ ይደርሳል፤ ከዚያ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በረኪና ብትደፉበት ግድ የለውም። ድርቀትና ፀሐይ ግን ያሸንፉታል። የኮሶ ትሉ ደግሞ ጉንዳን፣ ጢንዚዛና ዝንብ ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው የሚጠብቀው፤ ዶሮዋ ጢንዚዛዋን «ምሳ አገኘሁ» ብላ ስትውጣት አብሮ ይገባል። ስለዚህ ያ የሚያፈስ ጣራ ካልተደፈነ፣ ያ የረጠበ ጉዝጓዝ ካልተጣለ፣ ዛሬ ያጸዳችሁት አንጀት በሁለት ወር ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ሐኪሙ ባልን ያዘዘውም ይኼንኑ ነው፦ ጣራውን ድፈን፤ አሮጌውን ጉዝጓዝ ጠርገህ ከግቢ አውጣ፤ ደረቅ ሰጋቱራ አንጥፍ፤ መመገቢያና መጠጫውን ከፍ አድርገህ ስቀል፣ ኩስ እንዳይገባበት። ትናንሽ ቄብ ስትገዛ ከትላልቆቹ ጋር አትቀላቅል፤ ከሦስት ወር በታች ያሉት ናቸው ክፉኛ የሚጎዱት። ጎመንና አልፋልፋ አትንፈጋቸው፤ ቫይታሚን ኤ ያነሳት ዶሮ ለወስፋት የተመቸች ናት። እማማ ይህን ስነግራቸው «እኛስ ድሮ ኩስ የጠረግነው፣ ጎመን የበተንነው ለምን መሰለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሐኪሙ ሦስቱንም ትል የሚነካ ፈሳሽ አልቤንዳዞል ሰጠን። በመጠጫ አይደለም፤ ዶሮዋ እየተመዘነች፣ በሲሪንጅ፣ አንድ በአንድ አፏ ውስጥ። መጠኑን እዚህ አልጽፈውም፤ የጠርሙሶቹ ጉልበት ስለሚለያይ ያየ ሰው እንዲያሳስት አልፈልግም። 29 ዶሮ አንድ በአንድ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ግን ክንዴ ላይ ያለው ጭረት ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት እንቁላሉ አይሸጥም፣ አይበላም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ኩሱ ተመልሶ ይመረመራል፤ ካስፈለገ ብቻ ይደገማል።

ሚስትስ? ጤና ጣቢያ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ባል በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሐኪሟ የሆነውን ሁሉ ሰማች። በስድስት እንቁላል ውስጥ ሊኖር የሚችለው ርዝራዥ፣ ሰው ከሚውጠው ባለ 400 ሚሊ ግራም ክኒን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት መሆኑን አስረዳቻት። «የሚያስፈራ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ግን እንዳይደገም» አለቻትና አልትራሳውንድ አየችላት። ልብ ምቱን ሰማነው። ሚስት አለቀሰች።

ስንወጣ ባል ሊያቅፋት ሞከረ። እሷ እጁን ገፋችው። «ክኒኑን መስጠትህ አይደለም እኮ፣» አለችው፤ «በየጠዋቱ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠህ እንቁላሉን ስበላ ታየኝ ነበር። አንድ ቃል! ‹ዛሬ አትብዪ› ማለት አቅቶህ?» ባል የሚለው ጠፍቶት መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔም ሽማግሌነቴን ረስቼ ዝም አልኩ።

ወደ ቤቷ የተመለሰችው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ቅድመ ሁኔታ አላት፦ ዶሮ ቤቱ በር ላይ ደብተር ይሰቀል፤ የተሰጠው ሁሉ፣ መድኃኒትም ይሁን ቅጠል፣ ከነቀኑ ይጻፍ። እማማም ተስማምተዋል፤ «እኔ የምሰጠውንም?» ብለው ቅር ቢላቸውም። ደብተሩን አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር የባል የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው «ግራዋ ቅጠል፣ ሁለት እፍኝ፣ እማማ» ይላል።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ፤ ከሐኪሙ የተማርኩት ብልሃት ነው። መድኃኒቱን የሰጠን ሐምሌ 30 ቀን ነበር። ባል «ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቁላል ሳልሸጥ? ኪራዩን በምን ልክፈል?» ብሎ ሲያማርር ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየው። ነገ ፍልሰታ ይገባል። ለ15 ቀን እንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይወርዳል። የሚጣለው እንቁላል በዓመቱ ውስጥ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቀኑ ሞልቷል፣ ዶሮዎቹም ነጽተዋል። የዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ውስጥ የፈለጋችሁትን ሁለት ሳምንት ምረጡ። ባል በዚያ ፍልሰታ የለቀመውን እንቁላል ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሚስት በመስኮት እያየች ቆጠረችለት።